የጾም ቱሮን

ዐረብ አገር፣ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር፣ ከክፍሌ ቀጥሎ የምትኖር ፊሊፒናዊት ጎረቤት አለችኝ። ከሥራ ስትመለስ ቱሮን ትጠብሳለች፤ ሙዝ በስስ ሊጥ ጠቅልላ፣ ቡናማ ስኳር ላይ አንከባላ የጋለ ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። ሲወጣ ላዩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሲነክሱት ድምፁ ማዶ ሰፈር ባውሽሪዬ ድረስ ይሰማል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከቱሮን ጋር ፍቅር ያዘኝ። ወተት የለው፣ እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው! ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ስገባ ጾሜን የምፈታው በሱ ሆነ። ጾም ለጤና ጥሩ ነው ይባል የለ? የጾም የሆነ ሁሉ መድኃኒት መስሎኝ ቅመሺ ብላ ያቀረበችልኝን አንድ ሳህን ሙሉ እጨርስ ነበር።

ከዚያ ጥሙ መጣ። የሊጣኒን ወንዝ ብቻዬን ጠጥቼ የማደርቀው መሰለኝ። እግሬም ይዝል ጀመር። ፈራሁና ሙስተውሰፍ ሄድኩ፤ የድሃ ክሊኒክ ነው። ጣቴን ወጉኝ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ቅንድቡን ሰቀለ።

«ስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ ነሽ። ምንድን ነው የምትበዪው?»

«ኧረ ጾመኛ ነኝ፣ ዶክተር!»

«ያኒ፣ ማለት ጾምሽ በስኳር ነው?»

ከፋሲካ በኋላ ተመለሺ፣ ካልወረደ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ አለኝ። እኔ ሐምራ ሰፈር ሰባተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥዬ መስኮት የምወለውል ሰው ነኝ። አንድ ቀን ቢያዞረኝስ? መታመሜን የሰማች አሠሪ ማዳም ሁሉ «ኸላስ፣ በቃ» ብላ በሩን ትዘጋብኛለች። መኖሪያ ወረቀት እንኳ የለኝም።

ለጎረቤቴ ስነግራት ጭልፋዋን ይዛ ጮኸች።

«አቴ!» አለችኝ፤ በነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። «እኔ ለቅምሻ ብሰጥሽ አንቺ እራት አደረግሽው! መጀመሪያ ምስርሽን ብዪ። ከዚያ ግማሽ፣ እሱም እሁድ ብቻ። ስኳሩንም እተወዋለሁ፤ የበሰለ ሙዝ ራሱ ይጣፍጣል።»

«ያለ ስኳር? በይ ሙዙን ፍትሐት አድርጊለት!»

ቀለድኩ እንጂ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ምስርና ጎመን እየበላሁ እሁድን እንደ ደመወዝ ቀን ጠበቅሁ። ግማሿን ቱሮን ሳኝካት ከረምኩ፤ ለካ ሙዝ የራሱ ጣዕም አለው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ብሎ የሚጣፍጥ። ግን አንዷን ጉርሻ በዋጥኩ ቁጥር ጉልበቴን አዳምጣለሁ፦ ዛለ? አልዛለም?

ከፋሲካ በኋላ ሙስተውሰፍ ተመልሼ ጣቴን ዘረጋሁ።

«ወርዷል» አለ ሐኪሙ። «ግን ገና ከደጃፉ አልራቅሽም። እንዲሁ ቀጥይ።»

ደረጃውን እየወረድኩ ሳቅሁ፤ ግድግዳውን ግን አልለቀቅሁም። በማግስቱ ሐምራ መስኮቱን ልወለውል ሰባተኛ ፎቅ ወጣሁ።