ኸይሩ የት ይግባ?

ኸይሩ ካፖርት ሰፊ ነበር። አዲስ ካፖርት ግን ሰፍቶ አያውቅም። በቦንዳ የመጣውን ያጠባል፣ ያሳጥራል፣ ያረጀውን ይገለብጣል። አሰላ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ብርድ አለ። በገበያ ቀን ከሳጉሬና ከበቆጂ የሚመጡ ገበሬዎች እህላቸውን ሸጠው ሲያበቁ ሱቁ በረንዳ ላይ ተሰልፈው ይቆሙ ነበር።

መገልበጥ ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ካፖርቱ ተፈትቶ ፀሐይ የበላው ፊት ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ገበሩ ሸፍኖት የኖረው ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣና እንደገና ይሰፋል። ሲያልቅ አዲስ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ያሳብቃል፤ በግራ የነበረው የደረት ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል። የደረት ኪሱ በቀኝ የሆነ ሽማግሌ መንገድ ላይ ካየን፣ “ይሄ የኸይሩ ነው” እንባባል ነበር።

ቤቴ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። በዕድሜም እኩያሞች ነን፤ አንቱ ሳንባባል አርጅተናል።

ወደ አሰላ የመጣው ልጅ ሳለ አጎቱን ተከትሎ ከስልጤ ነው። እንደ አገሩ ሰዎች ሁሉ እሱም ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ለአረፋ አገር ቤት ይገባል። ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም። ዘሀራን ካገባ በኋላ ደግሞ አንድ ዓመት ቆርቆሮ፣ አንድ ዓመት ሲሚንቶ፣ አንድ ዓመት በርና መስኮት እየጫኑ፣ በአባቱ መሬት ላይ ከወንድሙ ከሙህሲን ቤት አጠገብ ቤት ሠሩ። መስኮቶቹ ወደ እንሰቱ ይዙሩ ያለችው ዘሀራ ናት። ሙህሲን፣ “ወደ መንገድ ነው እንጂ መስኮት፤ ሰው ሲያልፍ በምን ልታዩ ነው?” ብሎ ተከራከራት። “አሰላ ስኖር ሰው ሲያልፍ ሳይ ነው የኖርኩት” አለችው። እንሰቱ ረታ።

ሐምሌ ገብቶ ጭላሎ በጉም ሲሸፈንና ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ዘሀራ በጋቢ ተጠቅልላ ከበረንዳው ጥግ ትቀመጥና፣ “ኸይሩ፣ መቼ ነው ከዚህ ብርድ የምታወጣኝ?” ትለው ነበር።

“እዚያስ ብርድ የለም እንዴ?”

“የዚያ ብርድ ሰው ያውቃል።”

እኛ ጎረቤቶቿ እንስቃለን። እሱም ካፖርቱ ላይ እንዳጎነበሰ፣ “ስናረጅ እንገባለን፤ ቤቱ አይሸሽም” ይላታል። ይህን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ቃል ኪዳን መሆኑን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ዘሀራ ከሁለት አረፋ በፊት ሞተች። ሕመሟም ረጅም አልነበረም።

ኸይሩ በሰፈራችን የሙስሊሞቹን ከፈን የሚቀድድ ሰው ነበር። ከፈን አይሰፋም፤ ተለክቶ ይቀደዳል እንጂ። “ከእጄ ገብቶ መርፌ ሳያየው የሚወጣ ጨርቅ እሱ ብቻ ነው” ይል ነበር። የዚያን ዕለት ሰዎቹ፣ ሌላ ሰው ይቅደደው፣ አንተ ተቀመጥ ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። ነጩን ጨርቅ ለካው፣ ቀደደው፣ አጥፎ ለሴቶቹ ሰጠ። ከዚያ ወጥቶ ከእኛ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ።  እኔም ቤቴ በሞት ጎድሎ ያውቃልና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ ደከመ። ክር በመርፌ የሚያስገባለት መንገደኛ መጠበቅ ጀመረ። አንድ ቀን የባጫን ካፖርት ገልብጦ ሲጨርስ አንዱን እጅጌ በአሮጌው ፊት ሰፍቶት ተገኘ። ባጫ የሳጉሬ ገበሬ ነው፤ የዱሮ ደንበኛው ነው። ለብሶ ወጣና በረንዳው ላይ እጁን ዘርግቶ አየው። አንዱ እጅጌ ጥቁር ነው፤ አንዱ አመድ መስሏል።

“ያ ኸይሩ፣ ይሄ ምንድን ነው? ግማሹ እኔ ነኝ፣ ግማሹ አባቴ ነው እንዴ?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኸይሩም አብሮ ሳቀ። ካፖርቱን ተቀብሎ አስተካከለለት። ባጫ ከሄደ በኋላ ግን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ “በቃኝ” አለኝ።

በዚያው ሰሞን የሱቁ ባለቤት ልጆች ቦታውን አፍርሰው ሊሠሩት እንደሆነ ነገሩት። ክፋት አልነበራቸውም፤ ጊዜም ሰጡት። ሱቁና ከጀርባው ያለችው ክፍል መኖሪያውም ነበሩ። እናም የት ይግባ የሚለው ነገር መጣ።

ልጁ ከዲጃ ከአዲስ አበባ መጣች። ኮንዶሚኒየም አላት፤ ባሏም ደግ ሰው ነው። እኔም በነበርኩበት አባቷን ያዘችው።

“አባዬ፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል። አልጋም ገዝተናል።”

“ስንተኛ ፎቅ ነው ያልሽኝ?”

“አራተኛ።”

“በእግር ነው?”

“አዎ፣ ግን ቀስ እያልክ…”

“እንግዲህ ቀስ ብዬ አንዴ እወጣለሁ። የምወርደው ተሸክማችሁኝ ነው።”

“አባዬ! አፍህን በኸይር ክፈተው!”

“በኸይር ነው የከፈትኩት። ሬሳ መሸከም ምንዳ አለው።”

ከዲጃ ሳቀች፤ ቀጥሎም አለቀሰች። “እናቴ ብትኖር እሺ ትለኝ ነበር” አለች። ኸይሩ፣ “እናትሽማ አገር ቤት ነው የምትለው” አላት። ይህን ሲል ልጅቷን ለመመለስ ብቻ አልነበረም። ቤቱ ከተሠራ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የሚኖር፣ በአረፋ ብቻ የሚከፈት ነበር። ዘሀራ አንድም ክረምት አልኖረችበትም። እሱም ካልገባበት የሁለቱም ልፋት ለማን ሆነ?

ባጫ ወሬውን ሰምቶ ከሳጉሬ መጣ። “ትሄዳለህ አሉኝ” አለው።

“አገሬ ልግባ እንጂ።”

“አገርህ? ለእኔ ካፖርት ሳታስብ?”

“አንተ ካፖርት ይበቃሃል። ገልብጬ የጨረስኩት ነው፤ ሦስተኛ ፊት የለውም።”

“ሦስተኛ ፊት እኔም የለኝ” አለ ባጫ። ብዙ ቆየ። ሲሄድ የኸይሩን እጅ ይዞ ስሞ ነው የሄደው።

የስፌት መኪናውን እኔ ቤት አስቀምጦ፣ “ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ” ብሎኝ በዝዋይ በኩል ሄደ። የሰፈሩ ሰው መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። ለአረፋ እንደሚሄደው አልነበረም። ሴቶቹ አለቀሱ።

እዚያ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። ሲደርስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተነጥፎ ጠበቀው። ዘመድ ሁሉ በየተራ ጠራው። በሄደበት ከፍ ያለው ቦታ ለእሱ ይለቀቃል፤ ከምግቡ ጥሩ ጥሩው ወደ እሱ ይገፋል። ሥራ ላግዝ ብሎ ሲነሳ፣ “ኧረ ተቀመጥ” ይሉታል። መጀመሪያ ደስ አለው። ቆይቶ ግን መቀመጡ በዛበት። አረፋ ያልፋል፤ ይሄ አላልፍ አለ።

አንድ ቀን የመንደሩ ሽማግሌ ሞቱ። ኸይሩ አሰላ ላይ እንደለመደው ቀደም ብሎ ወጣ። መቃብር ከሚቆፍሩት መካከል ገብቶ አካፋ አነሳ። አንዱ ጎልማሳ ከእጁ ቀስ ብሎ ወሰደበት። “አባባ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፤ ጥላው ሥር ይቀመጡ” አለው። ጎልማሳው ይህን ያለው በአክብሮት ነው። ኸይሩም ሄዶ ጥላው ሥር ተቀመጠ።

ከቀብር ሲመለሱ የሟቹን ልጆች ሊያጽናና ቀረበ። ሐዘን ላይ የሚናገረው ቃል ሳያስበው ከአፉ ወጣ፦ “ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ።”

አላህ ያጽናችሁ ማለቱ ነበር። ግን ያለው በኦሮምኛ ነው። አሰላ ላይ ለቅሶ ቤት ሲገባ የኖረው በዚህ ቃል ነው፤ ለዘሀራም ሰው ሁሉ ይህንኑ ብሎታል። የሟቹ ልጆች አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ጆሯቸው የከበደ አንድ ሽማግሌ፣ “ምን አለ?” ብለው ጠየቁ። አጠገባቸው ያለው ሰው ጮክ ብሎ፣ “የአሰላ ሰው ነው፤ በአሰላ ቋንቋ ነው!” አላቸው። ሽማግሌውም፣ “ኸረ የሩቅ ሰው መጥቷል፤ ውሃ ስጡት” አሉ። እኚህ ሽማግሌ የአባቱ ጓደኛ ነበሩ።

ይህን ሲነግረኝ እስከ እንባ ሳቀ። “ውሃው መጣ?” አልኩት። “መጣ። ጠጣሁት። ምን ላድርግ?” አለኝ።

ነገሩን የቆረጠው ግን ይህ አልነበረም። በማግስቱ የሙህሲን ሚስት እንሰት እየፋቀች፣ እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያወጋሉ። ቀና ብላም አላየችው። “ኸይሩ፣ መቼ ነው የምትገባው? ለመንገድ የሚሆን ቆጮ ላሰናዳልህ ብዬ ነው” አለችው።

የእሷን ጠባይ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ አሰላ መጥታለች። ሰው የምታባርር ሴት አይደለችም። በየዓመቱ ቆጮውን በኮባ ጠቅልላ የምትሸኘው እሷ ናት። ደግሞም መቼ ትሄዳለህ አላለችውም። የሚገባ ሰው ወደ ቤቱ ነው የሚገባው። በእሷ ልብ የኸይሩ ቤት አሰላ ነው፤ ይህን ሳታስበው ተናገረችው።

“እኔ እኮ ገብቻለሁ” ሊላት ይችል ነበር። የመጣው ለዚያ ነው፤ ወንድሙም ያውቃል፤ ምናልባት ለሚስቱ በደንብ አልነገራት ይሆናል። ነገር ግን አፉ ቀደመው። “ከጁምዓ በኋላ” አላት።

“ራሴ እኮ ደነገጥኩ” አለኝ። “ማን እንደተናገረ ዞር ብዬ ላይ ምንም አልቀረኝ።”

ከዚያ ገብቶ ዘሀራ ወደ እንሰቱ ያዞረቻቸውን መስኮቶች ከፈተ። እንሰቱ አድጎ መስኮቱን ሞልቶታል። እዚያ ተቀምጦ ቆየ። ዘሀራ እዚህ ቤት ውስጥ ምን ስታደርግ እንደነበር ሊያስታውስ ሞከረ። የመጣለት ሁሉ የአረፋ ነገር ነው፤ እንግዳ ስትቀበል፣ ሻንጣ ስታስር። ስታኩርፍ፣ ስትታመም፣ ያለ ምክንያት ተቀምጣ ስትስቅ የሚያስታውሳት አሰላ ላይ ብቻ ሆነ። ከበረንዳው ጥግ፣ ስትማረር።

ከጁምዓ በኋላ ቆጮውን ይዞ መጣ። ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ እኔ ቤት ነው የመጣው። “ምነው?” አልኩት። “ገባሁ” አለኝ። 

ማረፊያ የሰጠችው የምስራች የምትባል ጎረቤታችን ናት። ባሏ ሞቶባታል፤ ጴንጤ ናት፤ ግቢዋ ውስጥ ደረጃ የሌላት አንዲት ክፍል ታከራያለች። ሊያያት ስንሄድ በሩ ላይ ቆማ፣ “አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ሊነጋ ሲል ድምፄን ከፍ አድርጌ እጸልያለሁ። ኋላ ረበሸችኝ እንዳትል” አለችው።

“ለሱብሂ የምነሳው ያኔ ነው። አንቺ ከጮህሽማ ሰዓት መሙላት ተገላገልኩ።”

“ትንባሆስ?”

“እድሜ ልኬን ጨርቅ መሃል ኖሬ ትንባሆ?”

“እንግዲያው ግባ” አለችው።

ከዲጃ በስልክ ተቆጣች፤ ኋላ ግን ረመዳንን እሷ ጋ ሊያሳልፍ ተስማሙ። “መውጣቱን ቀስ ብዬ እለማመደዋለሁ” ብሏታል።

የከበደው ለሙህሲን መንገሩ ነበር። ቀናት አሳለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኩን አወጣና ደወለ። ጆሮውም ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ለቆታል፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ። ስለ እህሉና ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ከዚያ ኸይሩ ወደ ነገሩ ገባ።

“ሙህሲን፣ ቤቱን ክፈቱት።”

“ምኑን?”

“ቤቱን። ልጅህ ሱሀይብ ከሚስቱና ከልጁ ጋር እናንተ ላይ ተጣቦ ነው ያለው፤ እሱ ይግባበት። ተዘግቶ አይኑር። እኔ አሰላ ነኝ።”

 

“ተቀየምከን?” አለ ሙህሲን።

“ወላሂ አልተቀየምኩም። እንደ ንጉሥ ነው የያዛችሁኝ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ንጉሥ መሆን አልቻልኩበትም።”

ሙህሲን አልሳቀም። “ያን ቤት ከዘሀራ ጋር እንዴት እንደሠራችሁት አይቻለሁ” አለ። “እሷ በር ስታስገጥም ሠራተኞቹ ላይ ስትጮህ አሁንም ይሰማኛል። ይህን ብትሰማ ምን ትል ነበር?”

ኸይሩ ስልኩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ወደ እኔ አላየም።

“ትቆጣኝ ነበር” አለ። “አጥብቃ ትቆጣኝ ነበር። ግን ሙህሲን፣ ያለ እኔ ሂድና ብቻህን ተቀመጥበት አትለኝም ነበር።”

ሙህሲንም፣ “ነገ ለሱሀይብ እነግረዋለሁ” አለ።