ፀሐይ የከለለ አጥር

ልጅ ሳለሁ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ይርጋ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማምሻውን ወናፉን አሳርፈው፣ ማረሻ ያጋሉበት ፍም እስኪከስም ድረስ ተረት ያወሩልን ነበር። ያኔ የከሰሉ ጢስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠው፣ በፍሙ ብርሃን እጃቸውን እጃቸውን እያየን እንሰማለን።

አንድ ሰው ጎመን ተከለ አሉ። የጎረቤት ፍየል ገብታ ጋጠችበት። ቢያጥር ዘለለች። አጥሩን ከፍ ሲያደርግ፣ ከፍ ሲያደርግ፣ ፍየሏም ቀረች፣ ፀሐይም ቀረች። ጎመኑ ገርጥቶ ሞተ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን፣ «የፍየሏ ጌታስ?» አልሁ።

«እሱ ተረቱ ውስጥ የለም» አሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ።

አሁን የምኖረው እስራኤል አገር፣ ሐይፋ፣ ክርያት ሐይም የሚባል ሰፈር ነው። ከሕንፃው ሥር ጥቂት መሬት አለችኝ። እዚህ ዝናቡ የሚገባው ያገራችን ዝናብ ሲወጣ ነው፤ ይኸን ሳላውቅ እንደመጣሁ በሰኔ ዘርቼ ዘሬን ሐሩር በላው። ተምሬ፣ የዳስ በዓል ሲያልፍ ስፒናች እዘራለሁ።

ዘንድሮ አምሮ ነበር። አንድ ማለዳ ብወርድ ግማሹ መደብ ከነልቡ ታጭዷል። ስፒናች ከዳር ከዳሩ ነው የሚለቀም፤ ልቡ ከተተወ ክረምቱን ሙሉ ያበላል። ከነልቡ የቆረጠ ገደለው። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ከረጢቱን ይዞ ሲወጣ ባለቤቴ አይታዋለች። እኔ በዕብራይስጥ የምሟገትበት አፍ የለኝም፤ በቆርቆሮ አጠርሁ። ተሻግሮ ቆረጠ። ከደረቴ በላይ አደረስሁት። ያን ጊዜ እሱም ቀረ። የተረፈው ስፒናች ግን እንደ ገለባ ቀጥኖ ገረጣ።

ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እንግዲህ አጥርዎን ይብሉ!» አለችኝ።

ያ የአያ ይርጋ ፍም ፊቴ ላይ የነደደ መሰለኝ። ስቀው የነበሩት ሁሉ ዙሪያዬን የቆሙ መሰለኝ። ቆርቆሮውን ነቅዬ ጣልሁና ደረጃውን ወጣሁ። በሩን ደበደብሁ። ሲከፍት፣ በምችላት ዕብራይስጥ «የኔ ነው። ልቡን አትንካ» አልሁት።

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ፤ ቅጠል ነው እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁት። አለቀ።

የአያ ይርጋን ነፍስ ይማር። ተረታቸው አልጠፋብኝም፤ ንዴቴም እንዲሁ። ሰው ሁሉ አጥር ባጠረው ይስቃል። የፍየሏ ጌታ ግን ቤት አለው፤ በርም አለው።