ወዲዓ ያፈሰሰችው ወይን ጠጅ

መንደሩ ሁሉ አሁን ወዲዓን «አበደች» ይላታል። ይበል! እኔ ግድግዳ ተጋርቻት የኖርኩ ጎረቤቷ ነኝና እብዱ ማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። እብዱ ወንድሟ ሸፊቅ ነው፤ ያውም ከረባት ያሰረ እብድ።

ወዲዓ አላገባችም። ከአባቷ የወረሰችው ከቤቱ ጀርባ ያለውን የወይን ቁልቁለት፣ ምድር ቤቱንና የእንጨት በርሜሎቹን ነው። የእሷ ወይን ጠጅ ስም የለውም፤ የሚለጠፍበት ሥዕልም የለውም። እንዲያውም ጠርሙስም የለውም! ጠርሙሱን ይዞ የሚመጣው ጠጪው ነው፤ የውሃ ይሁን የዘይት፣ በደንብ ይታጠብ እንጂ ትሞላለታለች። ዋጋው ከአንድ ፓኬት ሲጋራ አይበልጥም። ቤይሩት ውስጥ በዚያ ገንዘብ ቡሹን እንኳ አያስሸትቱህም።

ሰዎች አፍንጫቸውን ነፍተው «ርካሽ ነው» ሲሉ ደሜ ይፈላል። ርካሽ ሁሉ መናኛ ነው ያለው ማነው? የወዲዓ ወይን ጠጅ ለዓመታት አይቆይም፤ እንዲቆይም ተብሎ አልተሠራም። ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ነክረህ፣ በተራ ብርጭቆ ቀድተህ፣ ከወይራ ፍሬና ከተጠበሰ ድንች ጋር ስትጠጣው ምላስህን ቆንጠጥ አድርጎ ይለቅሃል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ብርጭቆ ውስጥ አፍንጫህን ቀብረህ «የጫካ እንጆሪ ሸተተኝ» ማለት ካማረህ ጫካ ሂድ።

ልፋቱን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። በመስከረም ወይኑ ሲለቀም ሴቶቹ እግራችንን ታጥበን የድንጋይ ገንዳው ውስጥ ገብተን እንረግጣለን። ጭማቂው ከነልጣጩ ወደ ትልቁ ጋን ይገለበጣል። እርሾ አትጨምርበትም፤ በራሱ ጊዜ ይፈላል። ሲፈላ ልጣጩ ሽቅብ ይወጣና እንደ ክዳን ይደፍነዋል፤ ካልደፈቁት ይሆመጥጣል። ስለዚህ ወዲዓ ጠዋትና ማታ በረጅም እንጨት ስትደፍቀው ትሰነብታለች፤ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋም ታዳምጠዋለች። መንተክተኩ ጋብ ሲል ታጠልለዋለች፣ ልጣጩን ትጨምቃለች፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ ትከተውና ብርዱ እስኪያጠራው ትጠብቃለች። በቅድስት ባርባራ ዕለት፣ ስንዴ በምንቀቅልበት በዓል፣ የመጀመሪያው በርሜል ይከፈታል። መንደሩ ባዶ ጠርሙሱን ይዞ በሯ ላይ ይሰለፋል። በዚህ ተራራ ብርድ ድሃው ከምድጃው ሌላ ያለው ሙቀት ይኸው ነው።

ባለፈው ነሐሴ ወዲዓ እንደ ልማዷ ለእመቤታችን በዓል ወደ ገዳም ወጣች። እሷ በሌለችበት ሸፊቅ ከቤይሩት መጣ። አንድ ባለ ሆቴል ወዳጁ ምድር ቤቱን ሊያይ ነበር፤ ወይን ጠጁን በከባድ ጠርሙስ አሽገው በውድ ሊሸጡት ተማክረዋል። መቼም እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይታጠብ ነገር የለም፤ ደረጃውም ይታጠባል፣ ድመቷም ትታጠባለች። ሸፊቅ የሸረሪቱን ድርና የጠቆሩትን በርሜሎች አይቶ አፈረ። ሠራተኞች ቀጥሮ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ የአምናው አልቆ ባዶ የቆሙትን በርሜሎች ከውስጥም ከውጭም በበረኪና አስፈተገ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ወዲዓ ስትመለስ ሽታው ገና ከደጃፉ ተቀበላት።

«ምን አደረግክ አንተ?»

«አጸዳሁልሽ። አመስግኚኝ እንጂ እህቴ፤ የአይጥ ጎሬ መስሎ ነበር እኮ!»

«ይኼ ሆስፒታል ነው እንዴ በበረኪና የሚታጠበው? አባባ በፈላ ውሃ ነበር የሚያጥበው! በፈላ ውሃ ብቻ!»

«አባባማ ድሃ ሆኖ ሞተ» አላት።

በጥፊ ልታጮለው እጇን ስታነሳ አይቻለሁ። ምነው ባጮለችው! ግን እጇን መለሰችው። እሷና እኔ በርሜሎቹን በፈላ ውሃ ደጋግመን አጠብናቸው፣ ፀሐይ ላይ አቆምናቸው። ሽታው ጠፋ። ጠፋ ብለን አመንን፤ አዲስ በርሜል የሚገዛበት አቅምስ ከየት ይመጣል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የባርባራ ዕለት ሸፊቅ ባለ ሆቴሉን ይዞ መጣ። ወዲዓ ከመጀመሪያው በርሜል ቀዳች፣ አሸተተች፣ ፊቷ ክስል አለ። ብርጭቆውን ለእኔ አቀበለችኝ። የራሰ ካርቶን! የሻገተ ጨርቅ! የወይን ፍሬው ጣዕም ጭራሽ የለበትም። በረኪና ከአሮጌ እንጨትና ከሻጋታ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ያለ ሽታ ይወልዳል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ከሌሎቹም ቀዳች፤ ሁሉም ያው። ባለ ሆቴሉ አንዴ ቀመሰና «ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ውጭ የተሰለፈው ሰው ይስቃል፣ ይቀልዳል፤ ምንም አልሰማም።

ሸፊቅ ትከሻውን ነቀነቀ። «በቃ፣ ለመንደሩ ሽጪዋ። እነሱ ምን ያውቃሉ? ርካሽ ይሁን እንጂ ሆምጣጤም ብትቀጂላቸው ይጠጣሉ።»

ወዲዓ መዶሻ አነሳችና የበርሜሉን ውታፍ ከግርጌው መታችው። ወይን ጠጁ ወለሉን አጥለቅልቆ፣ በሩን አልፎ፣ በሰዎቹ እግር መሐል ወደ መንገዱ ወረደ።

«ኧረ ያዙልኝ፣ አበደች!» ሸፊቅ ጮኸ። «የዓመት ልፋትሽን? በሳምንት ለሚጠፋ ሽታ?»

ሰው ተግተልትሎ ገባ። ከፊት የቀደመው የመንደራችን የሚኒባስ ሹፌር አቡ ሚልሔም ነበር፤ ሸፊቅ ስለ ሽታው የጮኸውን ሰምቷል፣ ግን ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱን ከሚፈሰው ሥር ደቀነ።

«ሲት ወዲዓ፣ እመቤቴ፣ ኧረ ይተዉ፣ ነውር ነው! ለእኛ ይበቃናል። እኛ ደግሞ ምን ምላስ አለንና!»

ያን ጊዜ ነው የእውነት የተቆጣችው። በወንድሟ እንኳ እንዲያ ስትቆጣ አላየኋትም።

«ምን አልክ? ድገመው እስቲ! ሸፊቅ ይናቅህ፤ እሱ ከተማ አእምሮውን በልቶታል። አንተ ግን በየዓመቱ እዚህ ቆመህ ‹ዘንድሮ ጎምዘዝ ብሏል፣ ወይኑን ቸኩለው ለቀሙት› እያልክ የምትሟገተኝ ሰውዬ፣ ምላስ የለኝም ትለኛለህ? ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለማን ነው የለፋሁት? ለማን?»

አቡ ሚልሔም ቀና አለ፤ ፊቱ ቀልቷል። ጠርሙሱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ወለሉ ላይ ተፋው። የቀረውንም ደፋው።

«ይሸታል» አለ።

«ይሸታል እንጂ!» ብላ ጮኸችበትና መዶሻውን ሰጠችው። ሁለተኛውን በርሜል የመታው እሱ ነው።