አባቴ የፈረደበት ዛፍ

ሰመራ ውስጥ ማታ ማታ መንገድ ዳር የተተከሉትን ችግኞች ውሃ ሲያጠጧቸው፣ ከጋለው አፈር የሚነሳው ሽታ አባቴን ያመጣብኛል። ለብቻዬ ቆሜ ፈገግ ስል የሚያዩኝ ሰዎች ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ያደግኩት አዋሽ ነው። አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ፣ በራችን ላይ ለተከለው ኒም አንድ ባልዲ ውሃ ከግንዱ ሥር ያፈስለታል። ዛፉም እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ አደገ። እኔን፣ የቤቱን አንድ ልጅ፣ እንኳ እንደሱ አላሞላቀቀኝም።

ፊት ለፊታችን ከወሎ የመጣች ባለ ሻይ ቤት ነበረች። እሷም ኒም ነበራት፤ ማንም አጠጥቶት የማያውቅ፣ ወደ ጣሪያዋ ያጋደለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ። ግን የሻይ ቤቱ ሀብት እሱ ነበር። በአዋሽ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ማን ይቀመጣል? ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ወደ ገላፊ፣ የሚወርዱ ሾፌሮች መኪናቸውን የሚያቆሙት ለዚያ ጥላ ነው፤ ልጆቿን የምታሳድገውም በዚያው ጥላ ነበር።

አባቴ በዚያ ዛፍ ላይ ጥርስ ነከሰበት። ክረምት ሊገባ ሲል አቧራ እየጠራረገ የሚመጣ ነፋስ አለ። "የዘንድሮው ይጥለዋል" እያለ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ የት ላይ እንደሚወድቅ ይለካል። ሻይዋን ይወዳል፤ የሚጠጣው ግን ከጥላው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ላቡ እየተንቆረቆረ ነበር።

"ጋሼ፣ እስኪወድቅ ድረስ እንኳ አረፍ ይበሉ" ትለዋለች እየሳቀች።

"በሰው ሕይወት ቀልድ የለም!"

ሳቁ ያበቃው አባቴ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ባመለከተ ጊዜ ነው። ዛፉ ሰኞ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ሴትየዋ "እንግዲህ አላህ ያውቃል" ብላ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። እኔም አባቴን አኮረፍኩት።

ነፋሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሰማዩ ቀላ፣ አፋችን አሸዋ አሸዋ አለ፣ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ይንቋቋ ጀመር። አባቴ በመስኮቱ ስንጥቅ የሷን ዛፍ እያየ "አሁን! አሁን ሄደ!" ይላል። የሆነ ነገር ግው ብሎ ሲወድቅ "አላልኩም?" ብሎ ዘለለ። አቧራው ሲገለጥ የወደቀው የእኛው ነበር። የሷ ቅጠሉን ብቻ አራግፎ ቆሟል።

አባቴ ከተገለበጠው ሥር አጠገብ ተቀመጠ። ሥሩ ከላይ ከላይ የተዘረጋ እንጂ ወደ ታች የወረደ አንድም አልነበረውም።

"ምን ያውርደው? ማታ ማታ ውሃውን አፉ ድረስ አመጣለት ነበር" አለና ሳቀ። ሳቁ እየቆየ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አይቼ ኩርፊያዬን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሁድን ሙሉ ስለ ሰኞ ደፍሮ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት መጋዝ የያዙ ሰዎች መጡ። ሴትየዋ ተስፋ ቆርጣ ብርጭቆዎቿን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

"የሚቆረጠው የቱ ነው?" አሉ።

አባቴ መንገዱ መሃል ገብቶ ወደ በራችን አመለከተ። "የወደቀው ነው።"

"ያኛውስ፣ ጋሼ?"

"ያኛው አይነካም። ተሳስቼ ነበር።" ይህን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሴትየዋ ብርጭቆ እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች። አባቴ ሰው ሲያለቅስ የሚገባበት ይጠፋዋል። ዙሪያውን አየ፣ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው።

አባቴንም ሴትየዋንም ካጣኋቸው ቆየሁ። አባቴን ሳስብ ግን የሚታየኝ ታሞ የተኛው ሰው አይደለም። እቤቱ ብርጭቆ አንስቶ የማያውቀው ያ ኩሩ ሰውዬ፣ ካርቶኑን ተቀብሏት፣ በዩኒፎርሙ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ እያወጣ ጠረጴዛዋ ላይ ሲመልስላት ነው።