ኳሷ የማትደርሰን

ዛሬም ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመው ካየሁ ሳላስበው እቆጥራለሁ። ይህ አባዜ የያዘኝ በደርግ ጊዜ ነው፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጭድ ተራ።

እሁድ ጠዋት እናቶቻችን ለቀበሌ ስብሰባ ሲጠሩ፣ እኛ አሥራ ሁለት ሴት ልጆች ከጭዱ ክምር ጀርባ ክብ ሠርተን ኳስ እንወራወር ነበር። ኳሷ የጽጌ ናት፤ ልብስ ሰፊው አባቷ ካልሲ ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቀው የሠሩላት። ሕግ የምታወጣው ደግሞ ባለ ኳሷ ናት። የጽጌ ሕግ፣ ኳሷን የያዘች ሁሉ ከእሷ ቀጥሎ አራተኛ ለቆመችው ትወረውራለች የሚል ነበር። ኳሷ ከጽጌ ትነሳለች፣ ሁለት ልጆች ጋ ትደርሳለች፣ ተመልሳ ያው ጽጌ ጋ! ዘጠኛችን እጃችንን ዘርግተን እንገተራለን። እኔ ደግሞ እናቴ «ምን ያቁነጠንጥሻል?» እያለች የምትቆጣኝ ልጅ ነበርኩ። ጭዱ አንገቴን ይበላኛል፣ እግሬ መሬቱን ይጭራል፣ ኳሷ በአፍንጫዬ ሥር ታልፋለች። «አምስተኛዋ ይሁን በቃ» ብላት፣ «አራት ካልኩ አራት ነው! ኳስ ሳይኖርሽ አፍ ብቻ!» አለችኝ።

እልህ ይዞኝ ቤት ገባሁና አሥራ ሁለት ቆርኪ ክብ ደረደርኩ። በአራት በአራት ስዘል ያው ሦስቱን ብቻ እነካለሁ። አንድ ቆርኪ አንስቼ በአሥራ አንዱ ሞከርኩ። ጉድ! አንድም ሳይቀር ሁሉንም አዳረሰ። እስከ እሁድ እንዴት እንደቆየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

«አንድ ሰው ከወጣ ለሁላችንም ትደርሳለች» አልኳቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከጎኔ ጓደኛዬ ራድያ ነበረች፤ የጭድ ነጋዴው የጋሼ ከድር ልጅ። እሷም እንደ እኔ ኳሷን ነክታት አታውቅም። ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ «አንቺማ አትወጪም» እንድላት ነው። እኔ ግን ዓይኔን ከኳሷ ላይ አልነቀልኩም። «እሺ፣ እኔ ልውጣ» ብላ ሄዳ ጭዱ ላይ ተቀመጠች። ኳሷ እጄ ስትገባ በደስታ ጮህኩ። ዞር ስል ራድያ ታጨበጭብልኛለች። በሚቀጥለው እሁድ ቦታዬን እሰጣታለሁ ብዬ ነበር፤ በሳምንቱ ግን ጋሼ ከድር ቤተሰባቸውን ይዘው አገር ቤት ገቡ። ዳግም አላየኋትም።

አሁን የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች ሳስተምር ልጆቹን ሜዳ አውጥቼ ኳስ አስወረውራቸዋለሁ። ባለፈው አሥራ ሁለት ልጆች አቁሜ፣ በአራት በአራት አስወርውሬ፣ «ለሁሉም እንድትደርስ ምን ይሻላል?» አልኩ። አንዲት ቀበጥ ቶሎ ብላ፣ «ቲቸር፣ አንድ ሰው እንጥራ!» አለች።

አሥራ ሦስት። ቆጠርኩት፤ ለሁሉም ትደርሳለች። በእኛ ጊዜ ከየስብሰባው የምንሰማው ማን ይውጣ፣ ማን ይወገድ ነበርና፣ መጥራት የሚባል ነገር ለአንዳችንም አልታየንም። ራድያ መውጣት አልነበረባትም።