የተዋጠው ሦስተኛ ጥሪ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ኮሶዬ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ደጃችንን ሲሸፍነው፣ የሰፈሩ ልጆች አያ ታረቀ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አያ ታረቀ ልጆቹን ለትዳር አብቅቶ ብቻውን የቀረ፣ ብቸኝነቱን በተረት የሚያስታግስ ጎረቤታችን ነበር። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የተቆላ ባቄላ እየቆረጠምን፣ በኩራዝ ብርሃን ጥርስ የሌለው አፉን እያየን እንሰማው ነበር።

ከተረቶቹ ሁሉ አጥንቴ ድረስ የገባው፣ የእናትን ድምፅ የተማረው ጅብ ነው። ያ ጅብ በጉም ቀን ደጅ ቆሞ ልጅን በስሙ ይጠራል፤ ሁለቴ ነው እንጂ ሦስቴ አይጠራም። «ሦስቴ ካልተጠራችሁ አቤት እንዳትሉ» ይለን ነበር ጣቱን ቀስሮ። «ሦስቴ የምትጠራ እናት ናት። ጅብ አይታገሥም።» አሁን ሳስበው ሽማግሌው የፈራልን ድምፅ ተከትለን ገደል እንዳንገባ ነበር። ያኔ ግን ጅቡ እውነት ነበር። እናቴም ሕጉን ስለምታውቅ ሁልጊዜ ሦስቴ ትጠራኝ ነበር። ከዚያ ውጭ ጠዋት ከቤት ከወጣሁ እስኪመሽ የት ነበርሽ የሚለኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ማምሻውን፣ ከጎረቤታችን ልጅ ከአንጓች ጋር ከገብስ ክምር ጀርባ ተወሽቀን ሳለ ጉሙ መጣ። እናቴ ጠራችኝ። ዝም አልኩ። ደግማ ጠራችኝ። ድምፁ የእሷ መሆኑን በደንብ አውቄዋለሁ፤ ዝም ያልኩት ጅቡን ፈርቼ ሳይሆን ጨዋታው ጥሞኝ ነው። አንጓች አፏን በእጇ አፍና ስትንፈቀፈቅ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ሦስተኛውን ጠበቅን፤ አልመጣም። ባለመምጣቱ ደስ ብሎን ጨዋታችንን ቀጠልን።

ቤት ስገባ ጎረቤት እናቴን ከቦ እግሯን በቀርከሃ ስንጣሪ ሲያስርላት ደረስኩ። እርጥብ ድንጋይ አዳልጧት ከእርከኑ ላይ ወድቃ ነበር። ወጌሻው ቢያያትም አጥንቷ ጠማማ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ታነክሳለች። የት እንደነበርኩ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጎንደር ከተማ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሳድጋለሁ። ሶስና ከትምህርት ቤት በባጃጅ ትመጣለች፤ ገብታ ሳትቀመጥ በሩን እቆልፋለሁ። ስልክ ገዝቼላታለሁ፤ አንዴ ደውዬ ካላነሣች እስክታነሣ እደውላለሁ። ጨዋታዋ ሶፋው ላይ ነው። ሰው ዘመኑ ነው ይለኛል፤ ዘመኑ እውነትም ያስፈራል። እኔ ግን የፈራሁት ከዘመኑ በፊት እንደነበር አውቃለሁ።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ሶስና በመስኮት ሆና ውጭ ገመድ የሚዘሉትን ልጆች ስታይ አየቻትና፣

«ምነው ይችን ልጅ እንደ ጥጃ አሰርሻት?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ይዤው የኖርኩት አፌ ላይ መጣ። «እማዬ፣ እግርሽ የተሰበረ ቀን ስትጠሪኝ ሰምቼሽ ነበር» አልኳት፤ እንባዬም ቀደመኝ።

እናቴ ጉልበቷን አሻሸች። «እኔም ሰምቼሽ ነበር» አለች። «ስትስቂ ሰማሁሽ። ሸጋ ጨዋታ ይዘዋል፣ ትንሽ ይጫወቱ ብዬ ሦስተኛውን ተውኩት። ልመለስ ስዞር ነው ያዳለጠኝ።»

ይህን ስሰማ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ እንጂ። እሷ ለዚያች ትንሽ ጨዋታዬ በእግሯ ከፈለች። እኔ በእሷ እግር አመካኝቼ ልጄን ጨዋታ ነፈግኩ።

በማግስቱ በሩን ከፈትኩት። ማምሻውን ደጃፉ ላይ ቆሜ «ሶስና» አልኩ። መልስ የለም። ደገምኩ። ከአጥሩ ወዲያ ሳቋን ሰማሁ። ሦስተኛው ጉሮሮዬ ላይ ነበር። አያ ታረቀ ሦስቴ ስለምትጠራው እናት እንጂ ሦስተኛውን ስለምትውጠው አልነገረንም። እንደ ምንም ዋጥኩት፤ እስክትመጣ ድረስ ግን ከደጃፉ አልተነቃነቅሁም።