ሦስት ሺህ ችግኝ ከነላስቲኩ

መጀመሪያ ችግኟን ከነላስቲኳ በግራ መዳፏ ላይ ታስቀምጣለች። አፈሩ እንዳይፈርስ ቀድማ ውኃ አጠጥታዋለች። በቀኝ እጇ ምላጩን ከላይ ወደ ታች አንዴ ትስበዋለች፤ ላስቲኩ ይከፈታል። ጣቷን ከሥር ትሰድና የተጠማዘዘ ሥር ካገኘች ጫፉን ትቆርጣለች። ከዚያ ችግኟን ከነአፈሯ አቅፋ ወደ ጉድጓዱ ታወርዳታለች፣ አፈር ትመልሳለች፣ ዙሪያውን በተረከዟ ትረግጣለች። በመጨረሻ አንዲት ቅጠል በሁለት ጣት ይዛ ሳብ ታደርጋለች። ቅጠሏ ከተበጠሰች ችግኟ ጠብቃለች ማለት ነው፤ ችግኟ ከተነቀለች ግን ሥራው እንደገና ነው። ባዶውን ላስቲክ አጣጥፋ ኪሷ ትከታለች።

ሰዉ እትዬ ምላጭ ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት በችግኝ ጣቢያ ሠርታለች፤ ስሙ የወጣላት ግን በአንድ ስብሰባ ነው።

ከመንደሩ ጀርባ ያለው ኮረብታ ድሮ ደን ነበር። ለማገዶና ለከሰል አለቀ፤ ከሥሩ የሚፈልቀው ምንጭም አብሮት ደረቀ። ከአራት ዓመት በፊት ኮረብታው ለከብት ተዘጋና አንድ የክረምት ጠዋት እንግዶች በአውቶቡስ መጡ። ከመንደሩ ሰው ጋር ሆነው ሦስት ሺህ ችግኝ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተከሉ። ፎቶ ተነሡ፣ አጨበጨቡ፣ ሄዱ። ዘሩን ለቅማ፣ አፈሩን ነፍታ ችግኞቹን ያሳደገችው እሷ ነበረች። በዚያ ጠዋት ብዙዎቹ ከነላስቲኩ ሲቀብሯቸው አየች። «ላስቲኩን!» ልትል አፏን ከፈተች፤ የተከበሩ ሰዎችን ማረም አፈረችና መልሳ ዘጋችው።

በጋው ሲያልፍ የቀረው ደረቅ ጭራሮ ብቻ ነበር። «መሬቱ አልቀበልም ብሏል» አለ ሰዉ። ባለከብቶቹም ኮረብታው ይከፈትልን አሉ። አፈ ጉባኤያቸው የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ኮረብታው ከተከፈተ ደግሞ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ሁሉ ይጋጣል፤ ደኑን በዕድሜዋ አታየውም።

የመንደሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ።

«ስሙኝማ» አለ ወንድሟ ተነሥቶ። «የእኅቴ ደን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የእኔ ላም ደግሞ እዚሁ ምድር ላይ ናት፤ ሣር ትፈልጋለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እሷ ከወንበሯ ሥር ጆንያ ስባ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ጠዋት ከኮረብታው የነቀለቻቸው ደረቅ ችግኞች ነበሩ። የአንዱን ላስቲክ በምላጭ ሰነጠቀችው። ሥሩ መውጫ አጥቶ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ ልጅህን በሕፃንነቱ ጫማ ብታሳድገው ይሄድልሃል?»

«እና ጫማውን ማን አውልቁ አለ?»

«ማንም አላለም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እያየሁ ዝም አልኩ።» የተጠቀለለውን ሥር ከፍ አድርጋ አሳየች። «ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ዝምታ ግን ሦስት ሺህ ችግኝ ይዞ ነቀዘ። መሬቱ ምን አደረገ?»

ከኋላ አንዲት ጎረቤት እጇን አወጣች። «እኔም ከነላስቲኩ ነው የቀበርኳቸው፤ እንዳይበርዳቸው ብዬ!»

ሳቁ ተመለሰ፤ አሁን ግን የሚሳቀው በኮረብታው አልነበረም።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ወንድሟ።

«ግማሹን ኮረብታ፤ አንድ ክረምትና አንድ በጋ። ሣሩን እያጨዳችሁ ውሰዱ፤ ከብት ብቻ አይግባ።»

«ከግማሽ በታች ከጸደቀስ?»

«አጥሩን በገዛ እጄ አፈርሳለሁ።»

በዚያ ክረምት አራት መቶ ብቻ ተተከለ፤ ለየቤቱ ሃያ ሃያ ችግኝ ደረሰ። እሷ ምላጭ ይዛ መግቢያው ላይ ቆመች፤ ከነላስቲኩ ያለፈ አንድም አልነበረም። ወንድሟም ሃያውን ተከለ። «በስተርጅና የዛፍ እረኛ ሆንኩ» እያለ እያጉረመረመ፣ ዙሪያውን እሾህ አጠረበት።

በጋው ሲያበቃ ሁለቱ አብረው ቆጠሩ። የተስማሙበት ግማሽ ካለፈ ቆይቷል፤ ሁለት መቶ ሰባ ላይ ደርሰዋል። የመጨረሻዋ ወንድሟ ከተከላቸው ሃያዎቹ አንዷ ነበረች፤ ቅጠል የሚባል የላትም።

«ይቺ ሞታለች፣ ጋሼ።»

«ማን ሞታለች አለሽ?» በርከክ አለና ቅርፊቷን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ። ውስጡ አረንጓዴ ነበር። «ይኸው! ሁለት መቶ ሰባ አንድ በይ። የሰው ዛፍ በቁሙ አትቅበሪ!»

ዛሬም ምንጩ ገና አልፈለቀም፤ አፈሩ ግን በበጋም ይረጥባል። ዛፎቹ ከወገብ አልፈዋል፤ የቀረውን ግማሽ ኮረብታ ይዘጋ ያለው ወንድሟ ነው።

ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ንገርልኝ ብላለች። ችግኝ እጅዎ ሲገባ ላስቲኩን ይቅደዱ። ከጎንዎ ያለው ከነላስቲኩ ሲተክል ካዩ፣ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ አይፈሩ፤ ይንገሩት። በበጋው ደግሞ አንድ ጀሪካን ውኃ ይዘው ተመልሰው ይዩአት፤ ቅጠል ባይኖራትም ሞታለች ከማለትዎ በፊት ቅርፊቷን ፋቅ ያድርጉ።